በረሃ የወለደው የአጋንንት ንጉሥ

ጋኖን መጀመሪያ ሲፈጠር ክፋቱ ምክንያት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1986 የጃፓኑ ኒንቴንዶ «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» የተሰኘውን ጌም ለገበያ ሲያቀርብ፣ ሺገሩ ሚያሞቶና ታካሺ ተዙካ ለዋናው ባላንጣ የሰጡት ታሪክ ከጌሙ ጋር በምትመጣው የመመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ጥቂት መስመር ብቻ ነበር። የጨለማው ልዑል ጋኖን ሠራዊቱን አስከትሎ ሃይሩል የምትባለውን ትንሽ አገር ወረረ፤ የኃይል ትራይፎርስ የሚባለውን ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ዘረፈ፤ ልዕልት ዜልዳን አሰረ። ለምን ይህን እንዳደረገ አይነገርም። መልኩ የግዙፍ እሪያ ነው። በመጨረሻው ውጊያ ከዓይን ተሰውሮ ይዋጋል፤ የብር ቀስት ያልያዘ ተጫዋችም አይገድለውም።

ከዚያ ወዲህ ጌሞቹ ወደ ፊት በቀጠሉ ቁጥር የጋኖን ታሪክ ወደ ኋላ እየተጻፈ ሄደ። በ1987 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ከእሱ ያስቀረው አመዱን ብቻ ነው፤ ተከታዮቹ የጀግናውን የሊንክን ደም አመዱ ላይ አፍስሰው ሊያስነሡት ይሻሉ። ሰው እንደነበረ ያወቅነው በ1991 «ኤ ሊንክ ቱ ዘ ፓስት» ሲመጣ ነው። ጋኖንዶርፍ የሚባል የሌቦች አለቃ ነበር፤ ትራይፎርስ ወደተቀመጠበት ቅዱስ ምድር ዘልቆ ገብቶ ዳሰሰው። ትራይፎርስ የዳሰሰውን ሰው ምኞት ይፈጽማል፤ ምኞቱ በጎ ይሁን ክፉ አይመረምርም። የጋኖንዶርፍ ልብ ክፉ ነበርና ቅዱሱ ምድር ጨለማ ዓለም ሆነ። እዚያ የሚገባ ሰው ደግሞ የልቡን መልክ ይለብሳል፤ ሊንክ ራሱ ወደ ጥንቸልነት ይለወጣል። የእሪያው ገጽታም በዚህ መንገድ ምክንያት ያገኘ መሰለ።

ሙሉ ሰው ሆኖ በፊታችን የቆመው ግን በ1998፣ «ኦካሪና ኦፍ ታይም» ላይ ነው። ሳቶሩ ታኪዛዋ የሣለው ጋኖንዶርፍ ቁመተ ረጅም፣ ቀይ ፀጉር ያለው፣ ጥቁር ጥሩር የለበሰ የገሩዶ ንጉሥ ነው። ገሩዶዎች በበረሃ ዳርቻ የሚኖሩ የሴቶች ሕዝብ ናቸው። በመቶ ዓመት አንድ ወንድ ይወለድላቸዋል፤ የተወለደውም እንዲነግሥ ሕጋቸው ያዛል። ይህን አንድ ወንድ ያሳደጉት ኮውሜና ኮታኬ የሚባሉ መንትያ ጠንቋይ አሮጊቶች ናቸው።

በአካል መጀመሪያ በደንብ የምናየው በመስኮት በኩል ነው። ዜልዳ ገና ልጅ ናት፤ በቤተ መንግሥቱ አጸድ ቆማ በመስኮቱ ወደ ውስጥ ታጮልቃለች፤ ሊንክም እንዲያይ ትጋብዘዋለች። ውስጥ ጋኖንዶርፍ ለሃይሩል ንጉሥ ተንበርክኳል። ንጉሡን አናየውም። ጋኖንዶርፍ ድንገት ቀና ይልና ዐይኑን ወደ መስኮቱ ይወረውራል፤ ሊንክ ደንግጦ ያፈገፍጋል። ዜልዳ ሰውዬው ለክህደት እንደመጣ በሕልሟ አይታለች፤ ለአባቷ ብትነግረውም አላመናትም።

ስለዚህ ሁለቱ ልጆች ሊቀድሙት ይነሣሉ። ሊንክ ወደ ቅዱሱ ምድር የሚያስገባውን በር ለመክፈት ሦስት እንቁዎች ይሰበስባል፤ ከዚያም ማስተር ሶርድ የተባለውን ሰይፍ ከተተከለበት ይነቅላል። ጋኖንዶርፍ ያንኑ እንቁ ፍለጋ የጫካውን ታላቅ ዛፍ በእርግማን ገድሏል፤ ጎሮኖች የሚባሉትን ሕዝብ የምግብ ዋሻ ዘግቷል፤ በሩን ግን በራሱ ሊከፍተው አልቻለም። የከፈቱለት ልጆቹ ናቸው። ተከትሎ ገባ። ሊንክ ሰይፉን ለመያዝ ገና ስላልደረሰ ሰባት ዓመት ተኝቶ ሲነቃ፣ አገሩ በጋኖንዶርፍ እጅ ወድቃለች፤ ሲገበያይ የነበረው የከተማው ሕዝብ ተበትኖ አደባባዩን የሚንከራተቱ ሙታን ወርሰውታል። በጌም ዓለም የአንድን ባላንጣ አነሣሥ ከዚህ በተሻለ የሸመነ ታሪክ እምብዛም አላየሁም። የአገር ውድቀት የመጣው ከሁለት ቅን ልጆች ጥድፊያ ነው፤ ጌሙም ይህን አይሸፋፍንም። ጋኖንዶርፍ በበኩሉ ያሰበውን ሁሉ አላገኘም። ኃይል፣ ጥበብና ድፍረት ያልተመጣጠኑበት ልብ ሲዳስሰው ትራይፎርስ ለሦስት ይከፈላል። ኃይሉ ለእሱ ቀረ፤ ጥበቡ ለዜልዳ፣ ድፍረቱ ለሊንክ ሄደ።

በዚህ ጌም አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ክፉው ከበረሃ የመጣ ጠይም ሰው ነው፤ ሕዝቡም ሌቦች ተብለው ይጠራሉ፤ በመጀመሪያው እትም አርማቸው ጨረቃና ኮከብ ነበር። ከእስልምና ምልክት ጋር በመመሳሰሉ ኋላ ላይ ተቀየረ። አርማ መቀየር ቀላል ነው፤ አንድን ሕዝብ ሙሉ በሙሉ በአንድ ሰው ኃጢአት አለመፈረጅ ግን ይከብዳል። ደራሲዎቹ ለዚህ ያቆሙት መከላከያ ናቡሩ የምትባለው የገሩዶ ሴት ናት። እሷም ሌባ ናት፤ ነገር ግን ከሴትና ከሕፃን የሚዘርፍ፣ ሰውም የሚገድል ንጉሥ አላገለግልም ብላ ትቃወመዋለች። ጠንቋዮቹ አእምሮዋን ቢቀሟትም በመጨረሻ እሱን ከሚያስሩት ጠቢባን አንዷ እሷ ናት። ናቡሩ ባትኖር ኖሮ ታሪኩን ለመውደድ እቸገር ነበር።

ለምን ሃይሩልን እንደፈለገ የተነገረው በ2002 በወጣው «ዊንድ ዌከር» ነው። እዚህ ሃይሩል በባሕር ሥር ናት። ጋኖንዶርፍ ከእስሩ አምልጦ ሲመለስ ጀግና አልተገኘም፤ ሕዝቡ ወደ አማልክቱ ጮኸ፤ እነሱም አገሪቱን ከእሱ ጋር በጎርፍ ሸፈኗት። የተረፉት ሰዎች የሸሹባቸው የተራራ ጫፎች አሁን ደሴቶች ሆነዋል። የዚህ ጌም ጋኖንዶርፍ ዕድሜው ገፍቷል፤ ሰውነቱ ከብዷል፤ ጥሩሩን አውልቆ እጅጌ ሰፊ ቀሚስ ለብሷል። የመጨረሻው ውጊያ ሊጀመር ሲል ለሊንክ ጀርባውን ሰጥቶ ስለ ትውልድ አገሩ ያወራል። ቀን የሚነፍሰው ነፋስ ያቃጥል ነበር፤ ሌሊት የሚነፍሰው አጥንት ሰብሮ ይገባ ነበር፤ የትኛውም ቢነፍስ ያመጣው ሞትን ነው። በሃይሩል ሜዳ ላይ የሚነፍሰው ግን ሞት አያመጣም። ምናልባት የተመኘሁት ያንን ነፋስ ይሆናል ይላል።

ንግግሩ ይቅርታ አይለምንም፤ ግፉንም አያቀልለትም። ዳሩ ግን ገሩዶዎች ለምን ዘራፊ እንደሆኑ፣ በመስኮቱ ያየነው ሰው ለምን በጥላቻ እንደተንበረከከ በአንድ ጊዜ ይገባናል። ድርቅ ያለበት ሰው አጥር ማዶ ያለውን ልምላሜ ሲያይ ኖሯል። ከዚያ በኋላ የሃይሩል ንጉሥ ቀድሞት ትራይፎርሱን ይዳስስና አገሩ ለዘላለም ከባሕር ሥር እንድትቀር ይመኛል። ውኃው ከላይ መፍሰስ ሲጀምር ጋኖንዶርፍ ከት ብሎ ይስቃል። የሚፈልገው ምድር ለማንም ሳትሆን ስትሰምጥ እያየ ነው። ከዚህ ሳቅ በላይ የሰውዬውን ኪሳራ የሚያሳይ ነገር በተከታታዩ ውስጥ የለም።

በ2006 የወጣው «ትዋይላይት ፕሪንሰስ» በሌላ የታሪክ መስመር ይሄዳል። በ«ኦካሪና ኦፍ ታይም» ፍጻሜ ሊንክ ወደ ልጅነቱ ተመልሶ ክህደቱን አስቀድሞ ስላጋለጠ ጋኖንዶርፍ ሞት ይፈረድበታል። ጠቢባኑ በሰንሰለት አስረው ደረቱን በሰይፍ ይወጉታል፤ የኃይል ትራይፎርስ ግን እጁ ላይ ያበራል፤ ሰንሰለቱን በጥሶ አንዱን ጠቢብ ይገድላል። ሊገድሉት ስላልቻሉ ወደ ሌላ ዓለም ይጥሉታል። የፍርዱ ቁስል ግን ደረቱ ላይ እያበራ አብሮት ይኖራል።

በ2011 «ስካይዋርድ ሶርድ» ታሪኩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ወሰደው። ዲማይዝ የሚባል ጥንታዊ የአጋንንት ንጉሥ ሲሞት ይራገማል፤ ጥላቻው እየተወለደ የአንዲት እንስት አምላክን ደምና የጀግናውን መንፈስ የተሸከሙትን ለዘላለም እንደሚያሳድድ ይናገራል። የጋኖንን ስም አይጠራም፤ ተጫዋቹ ግን ማንን እንደሚያስብ ግልጽ ነው። ይህን አልወደድኩትም። ክፋቱ ከጥንት የወረደ እርግማን ከሆነ በረሃው፣ ነፋሱና ምኞቱ ሁሉ ጌጥ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ሰውዬው የራሱ ምርጫ ሲኖረው ነው የሚያስፈራው።

በ2017 «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ላይ ጋኖን ሰውነቱንም አጥቶ ቤተ መንግሥቱን የሚዞር ጢስና ቁጣ ነው። በዚሁ ጌም ግን ገሩዶዎች የተከበረ ሕዝብ ሆነዋል፤ መሪያቸው ኡርቦሳ ጋኖን በአንድ ወቅት የገሩዶን መልክ ለብሶ መምጣቱን እንደ ግል በደል ቆጥራ ትዋጋዋለች። የናቡሩ ተቃውሞ የሕዝብ ሁሉ አቋም ሆነ ማለት ነው።

በ2023 «ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም» ጋኖንዶርፍ በሥጋው ተመለሰ። ዜልዳ ወደ ጥንት ዘመን ተወስዳ ለሃይሩል የመጀመሪያ ንጉሥ ለራውሩ ሲንበረከክ ታየዋለች። ብዙም ሳይቆይ ንግሥት ሶንያን ከጀርባ መትቶ ገድሎ የያዘችውን ምሥጢራዊ ድንጋይ ይነጥቃል፤ የአጋንንት ንጉሥ የሚሆነውም በዚያች ቅጽበት ነው። ድንጋዩን የዋጠ ሰው የማይሞት ዘንዶ ይሆናል፤ በምትኩ ማንነቱን ያጣል። ዜልዳ የተሰበረውን ማስተር ሶርድ ለማዳን ይህን አውቃ የራሷን ድንጋይ ውጣለች። ጋኖንዶርፍም በሊንክ ፊት መሸነፉ ሲገባው፣ ያንኑ ዋጋ አውቆ፣ ከመሸነፍ ዘንዶነትን መርጦ ድንጋዩን ይውጣል።