ሌላ ሰው ስላነሣው ሞተር ብስክሌትና በባለቤቱ ላይ ስለሚወድቀው መቀጫ

ሰው በቅሎውን አስሮ ከሄደ በኋላ፥ ሌላ ሰው መጥቶ ፈትቶ ከባዕድ ማሳ ቢያስገባት፥ የጠፋው እህል ዕዳ በማን ነው? በባለበቅሎው ነው ወይስ በፈታው? ይህን ጥያቄ ለአገር ሽማግሌ ብናቀርበው፥ ሳያመነታ «የፈታው ይክፈል» ይለናል። ነገር ግን ፈቺውን ያየ ሰው ከሌለ፥ የማሳው ጌታ የሚይዘው በቅሎይቱን ነውና፥ ባለቤትዋ በማስረጃ እስኪነጻ ድረስ ነገሩ በእርሱ ላይ ይከርማል። በሎንዶን ከተማ በሞተር ብስክሌት ላይ የሚደርሰውም ከዚህ ብዙ የተለየ አይደለም።

ይህን ለክቡራን አንባቢዎቻችን መጻፋችን፥ ልጆቻቸውና ዘመዶቻቸው በእንግሊዝ አገር ለትምህርትና ለሥራ የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ስላሉ ነው። በዚያ አገር ሕግ የመቀጫው ዕዳ የሚፈለገው ከነጂው ሳይሆን ከባለንብረቱ ነው፤ ባለንብረት ተብሎ የሚገመተውም ስሙ በተሽከርካሪ መዝገብ የተጻፈው ሰው ነው። ስለዚህ አጎት በስሙ አስመዝግቦ ለእኅቱ ልጅ የሰጠው ሞተር ቢሆን፥ ደብዳቤው የሚመጣው ወደ አጎት ቤት ነው። አጎትም ነገሩን ሳይጠይቅ ልጁን የተቈጣ እንደ ሆነ፥ መቀጫው ሳይከፈል ጠብ ቀድሞ ወደ ቤት ይገባል።

የሎንዶን የሞተር ብስክሌት ማቆሚያዎች በነጭ መሥመር የተከለሉ፥ ሞተሮቹም በጋጣ እንዳሉ ፈረሶች ጎን ለጎን የሚቆሙባቸው ጠባብ ስፍራዎች ናቸው። ዘግይቶ የመጣ ሰው ቦታ ሲያጣ የሌላውን ሞተር በኋላው ይዞ ወደ ጎን ይገፋዋል። መሪው የተቈለፈ ቢሆን እንኳ፥ ከአንድ መቶ ኪሎ ብዙ የማያልፈውን ትንሽ ሞተር ሁለት ጐልማሶች አንሥተው ለማስቀመጥ አይቸግራቸውም። ሌባም ሊወስደው ጀምሮ ሰው ሲመጣበት በመንገድ ጥሎት ይሸሻል። እንዲህ ሆኖ ሞተሩ ከመሥመሩ ውጭ፥ ወይም በቢጫው መሥመር፥ ወይም በእግረኛ መንገድ ላይ ይገኛል። በሎንዶን በእግረኛ መንገድ ላይ ተሽከርካሪ ማቆም በፈረንጅ አቈጣጠር በ1974 በወጣ ሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ፥ የማዘጋጃ ቤቱ ጠባቂ ፎቶግራፍ አንሥቶ የመቀጫውን ወረቀት ለጥፎ ይሄዳል። ጠባቂው አልዋሸም፤ ያየውን ጻፈ። ስለዚህ ጠባቂውን መስደብ ለክርክሩ አይጠቅምም፤ ባለሞተሩ ሊያስረዳ የሚገባው ከዚያ ያቆመው የእርሱ እጅ አለመሆኑን ነው።

በሎንዶን ከፍተኛው መቀጫ ከ2025 አፕሪል ወር ጀምሮ 160 ፓውንድ ደርሷል። በ14 ቀን ውስጥ ለከፈለ ሰው ግማሹ ይቀርለታል። ይህ ቅናሽ ላጠፋ ሰው ቸርነት ነው፤ ላላጠፋ ሰው ግን ፈተና ነው እንላለን። ንጹሑ ሰው «ከመከራከር ግማሹን ከፍዬ ልረፍ» ይላልና። የከፈለ ሰው ደግሞ ነገሩ ተዘጋ ማለት ነው፤ ከከፈለ በኋላ ልከራከር ቢል አይሰማም። በ14 ቀን ውስጥ በጽሕፈት ለተቃወመ ሰው ግን፥ ተቃውሞው ባይሳካም ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ቅናሹን እንደገና ይፈቅዱለታል። ስለዚህ መጀመሪያ መጻፍ ነው።

ምን ይጻፍ? ብዙ ሰው «ጥፋቱ አልተፈጸመም» ብሎ ይጽፋል፤ ማዘጋጃ ቤቱም የጠባቂውን ፎቶግራፍ አውጥቶ ያሳፍረዋል። በ2004 በወጣው የትራፊክ ማስተዳደሪያ ሕግ ሥር ባሉት ደንቦች ግን ሌላ ምክንያት ተጽፎ ይገኛል፤ ይኸውም ተሽከርካሪውን በዚያ ስፍራ እንዲቆም ያደረገው ሰው፥ ያለ ባለንብረቱ ፈቃድ በእጁ ያደረገው ሰው እንደ ሆነ ነው። የባለሞተሩ ነገር የሚጠጋው ወደዚህ ነው። ቃሉም አጭር ሊሆን ይገባዋል፤ «ሞተሩ ጠባቂው ባየበት ስፍራ እንደ ነበረ አልክድም፤ ነገር ግን ከጧቱ በሦስት ሰዓት ከነጩ መሥመር ውስጥ አቁሜው ሄድሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያልታወቀ ሰው ያለ ፈቃዴ አነሣው» ማለት ይበቃል።

ቃል ብቻ ግን ነገር አያቀናም። ዳኛው የሚፈርደው ከሁለቱ ወገን የማን ነገር ይበልጥ እውነት ይመስላል ብሎ ነውና። ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ፥ ነጂው ሞተሩን አቁሞ ሳይሄድ በእጅ ስልኩ ያነሣው ፎቶግራፍ ነው፤ መሥመሩና የመንገዱ ምልክት አብሮ ይታይ፥ ሰዓቱም ይታወቅ። ይህ ከጠባቂው ፎቶግራፍ ጋር ሲተያይ ብዙ ነገር ይናገራል። ነጂው በመካከለኛው እግር ያቆመው ሞተር በጠባቂው ፎቶግራፍ በጎን እግሩ ተደግፎ ቢታይ፥ ወይም ፊቱ ወደ ሌላ የዞረ ቢሆን፥ ሰው እንደ ነካው ያስረዳል። በአጠገቡ ያለ ሱቅ የመንገዱን የሚቀዳ ካሜራ ቢኖረው፥ የተቀዳው ሳይጠፋ ፈጥኖ መለመን ያሻል። በአንዳንድ ማቆሚያዎች በመሬት የተተከለ ብረት አለ፤ ሞተሩን በሰንሰለት ከዚያ ያሰረ ሰው ከሌባም ከገፊም ይድናል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ካልተቀበሉት፥ ለባለንብረቱ የሚላክ ማስታወቂያ ይመጣል፤ መልሱ በ28 ቀን ውስጥ ይሰጣል። ማስታወቂያውን ንቆ የተወ ሰው ዕዳው በግማሽ ይጨመርበታል፥ በኋላም በፍርድ ቤት ይመዘገባል። ማዘጋጃ ቤቱም በበኩሉ በ56 ቀን ውስጥ ካልመለሰ አቤቱታውን እንደ ተቀበለ ይቈጠራል። ይህ ለሁለቱም ወገን ቀን መቈረጡ ደስ የሚያሰኝ ሥርዓት ነው። አቤቱታውን ካልተቀበለው ደግሞ ባለንብረቱ በ28 ቀን ውስጥ ከማዘጋጃ ቤቱ ወዳልሆነ ፈራጅ ይግባኝ ይላል፤ በሎንዶን ይህ ሸንጎ ሎንዶን ትራይቡናልስ ይባላል፤ ለይግባኙም የሚከፈል ገንዘብ የለም።

በግል መሬት ላይ የተሰጠ የክፍያ ወረቀት ግን በሌላ ሕግ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ከዚህ ጋር አይቀላቀል።

ፈራጁ ከተጻፉት ምክንያቶች አንዱም አልተሟላም ቢል እንኳ፥ ነገሩ ልዩ አስገዳጅ ሁኔታ እንዳለበት ካየ፥ መቀጫው እንዲሰረዝ ለማዘጋጃ ቤቱ አሳብ ሊልክ ሥልጣን አለው፤ ማዘጋጃ ቤቱም በ35 ቀን ውስጥ መልሱን ካላስታወቀ መቀጫውን መሰረዝ ግዴታው ነው።