ያገለገለው ፓምፕ ለምን ተወደደ?

የቆየ ቪታራ ወይም ራቭ ፎር ያለው ሁሉ ሰሞኑን የሚያማርረው ስለ መለዋወጫ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ጠዋት አልነሳም ይላል። መካኒኩ ቁልፉን ከፍቶ ከኋላ በኩል ሊሰማ የሚገባውን የቤንዚን ፓምፕ ድምፅ ይጠብቃል፤ ዝም። ከዚያ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ መውረድ ነው። እዚያ ከሌላ መኪና ለወረደ ፓምፕ የሚጠየቀው ገንዘብ ባለቤቱን ያስደነግጠዋል። ነጋዴው «ዶላሩን አታይም?» ይለዋል። ባለሥልጣኑ ደግሞ «ስግብግብ ነጋዴ ነው» ይለዋል፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ በኋላ በነበሩት ሳምንታትም ያለ አግባብ ዋጋ ጨመሩ የተባሉ የአዲስ አበባ ሱቆች ታሽገዋል። ሁለቱም መልስ ዋናውን ነገር ዘልሎታል።

ካርቶኑ ላልተከፈተ አዲስ ፓምፕ የዶላሩ መልስ ይሠራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቅ የባንክ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ 120ን አለፈ። አስመጪው ዛሬ የሚሸጠውን ዕቃ የሚተምነው ነገ በሚተካበት ዋጋ ነው፤ በዚህ ሊወቀስ አይገባም። መዘንጋት የሌለበት ግን ብዙው የመርካቶ መለዋወጫ ከዚያ በፊትም የገባው በጥቁር ገበያ ዶላር መሆኑ ነው። ስለዚህ የባንኩ ዝላይ በሙሉ ለመርካቶ አዲስ ጭማሪ አልነበረም።

ያገለገለው ፓምፕስ? እሱ ከሃያ ዓመት በፊት፣ ዶላር ዘጠኝ ብር ባልሞላበት ጊዜ፣ በሙሉ መኪና ውስጥ ሆኖ አገር የገባ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ነገ ዶላር ተከፍሎ አይተካም። ታዲያ ለምን ይወደዳል?

ያገለገለ መለዋወጫ ከፋብሪካ አይወጣም፤ የሚወጣው ከሚፈታ መኪና ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሰው መኪናውን መቼ ያስፈታል የሚለው ነው። ለሂሳቡ እንዲመች ቁጥር እናስቀምጥ። የተጋጨ ቪታራ ተጠግኖ ቢሸጥ 600 ሺህ ብር ያወጣል፤ ጥገናው 300 ሺህ ይፈጃል እንበል። ለባለቤቱ የሚተርፈው 300 ሺህ ነው። ፈቺው በሩን፣ ሞተሩንና ማርሹን ለየብቻ ሸጦ 400 ሺህ ካገኘበት፣ ለባለቤቱ ከ300 ሺህ በላይ ሰጥቶ ይገዛዋል፤ መኪናው ይፈታል፣ ፓምፑም ገበያ ይወጣል። አሁን የሙሉው መኪና ዋጋ 1.2 ሚሊዮን ደረሰ፣ ጥገናውም 500 ሺህ ሆነ እንበል። ለባለቤቱ የሚተርፈው 700 ሺህ ነው። በ400 ሺህ የሚፈታ ማንም አይኖርም። የዕቃዎቹ ድምር ከ700 ሺህ እስኪያልፍ ድረስ ያ መኪና ጋራዥ ገብቶ ይጠገናል እንጂ ሶማሌ ተራ አይደርስም። ይባስ ብሎ ትናንት የፓምፕ ምንጭ የነበረው መኪና ዛሬ ራሱ ፓምፕ ፈላጊ ሆኖ ይሰለፋል። አቅርቦቱ በጠበበበት ጊዜ ፈላጊው በዛ ማለት ነው።

ይህን ያመጣው የፈቺው ወይም የደላላው ክፋት አይደለም። የሙሉው መኪና ዋጋ የተሰቀለው በተከታታይ ውሳኔ ነው። የኤክሳይዝ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪና ላይ የሚጣለውን ታክስ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ የውጭ ምንዛሬ እንዳይገቡ ሲታገድ አውቶሞቢል ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ጭራሽ እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። የሚተካ መኪና ሲጠፋ ያለው መኪና ወርቅ ይሆናል፤ ወርቅ የሆነ መኪና ደግሞ አይፈታም።

ሃዋርድ ግሩንስፔክት የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1982 ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር። በአዲስ መኪና ላይ ብቻ ጠንካራ የጭስ ደንብ ሲጣል አዲሱ ይወደዳል፣ ሰው አሮጌውን ይዞ ይቆያል፣ ሊቀነስ የታሰበው ጭስም ከመንገድ ሳይጠፋ ይሰነብታል አለ። ኩባ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ በተግባር አሳይታናለች፤ ከማዕቀቡ በፊት የገቡት የአሜሪካ መኪኖች ዛሬም ሃቫና ውስጥ ይሄዳሉ። እኛ አገር ክልከላው ከአሜሪካው ደንብ እጅግ የጠነከረ ነው፤ ውጤቱም በዚያው ልክ ይጠነክራል የሚል እምነት አለኝ።

ዶላሩ ድርሻ የለውም እያልኩ አይደለም። የአዲሱ ፓምፕ ዋጋ ያገለገለው ሊሻገረው የማይችለው ጣሪያ ነው፤ ጣሪያውን ዶላር ይሰቅለዋል። ወለሉን ከፍ ያደረገው ግን የሚፈታ መኪና መጥፋቱ ነው። ጣሪያውም ቢሆን በሚገባ አይሠራም፤ ገዢው ካርቶኑ ላይ የታወቀ ስም የተጻፈበት ዕቃ ፎርጅድ ይሁን ኦርጅናል መለየት ስለማይችል፣ ከጃፓን መኪና ሲወርድ በዓይኑ ያየውን ይመርጣል።

ምርጫው ለበር ወይም ለመብራት ይሠራ ይሆናል፤ ለፓምፕ ግን ክፉ ምርጫ ነው። ታንክ ውስጥ የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በራሱ በቤንዚኑ ነው። በነዳጅ ሰልፍ ምክንያት ታንኩ ሊደርቅ ሲል እየነዳን ስንከርም ፓምፑ ይግላል፤ ከታንኩ ሥር የተቀመጠው ቆሻሻም ወንፊቱን ይደፍነዋል። ያገለገለ ፓምፕ ስንገዛ ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው የሚያውቅ የለም። በአሮጌው ቪታራ ደግሞ ፓምፑን ለመቀየር ታንኩ መውረድ አለበት፤ ያገለገለው ከጥቂት ወራት በኋላ ቢቃጠል የእጅ ዋጋው ሁለተኛ ይከፈላል።

በየወሩ የሚነገረንን የግሽበት ቁጥር በልበ ሙሉነት እንዳልቀበል የሚያደርገኝም ይኸው ነው። ቁጥሩ የአንዱን ዕቃ ዋጋ ይመዘግባል። ኦርጅናሉን መግዛት ያቃተው ሰው ዕድሜው የተጋመሰውን በአነስተኛ ብር ገዝቶ በዓመት ሁለቴ ሲቀይር፣ በኪሎ ሜትር የሚያወጣው ወጪ ሊጨምር ይችላል፤ የተመዘገበው ዋጋ ግን ርካሽ ነው። ስንት መኪና በዓመት እንደሚፈታ የሚነግረን ዘገባም አላየሁም። ስንት የኤሌክትሪክ መኪና እንደገባ ግን ደጋግመን እንሰማለን።

የሚከተለው ብዙ ነው። የታክሲና የራይድ ሾፌር ወጪውን ወደ ተሳፋሪ ያሻግራል። የወረደ ዕቃ በተወደደ ቁጥር ስፖኪዮ ነቃዩ ይበረታታል። ወንፊቱ የተደፈነበትና ግፊቱ የወረደ መኪና ሥራው አያምርም፣ ጭሱም ይጨምራል።

መንግሥት የነዳጅ መኪናን በር መዝጋቱ የራሱ ምክንያት አለው፤ የነዳጅ ግዢው የሚበላው ዶላር ቀላል አይደለም። ነገር ግን በመንገድ ላይ ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ መብት ሰጥቶ ነበር። እንደዚያው ሁሉ ቶሎ ለሚያልቁ ዕቃዎች፣ ለቤንዚን ፓምፕ፣ ለፊልትሮ፣ ለፍሬን ሸራ፣ ቀረጡን ቢያነሳ ጣሪያው ይወርዳል፤ ያገለገለውም ተከትሎ ይወርዳል። የሚያጣው ገቢ ሶማሌ ተራ ሱቅ ሲያሽግ ከሚያጣው ቢበልጥ እንኳ ዋጋውን በእርግጥ የሚያወርደው ይህኛው ነው።