መስማት የተሳነው ተማሪና የግቢው ክሊኒክ

መስማት የተሳነው ልጃችሁ ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ ተነስቶ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ከስንቁና ከብርድ ልብሱ ሌላ ልታስቡበት የሚገባ ጉዳይ አለ። ይኸውም ሲታመም ሕመሙን ለሐኪም እንዴት እንደሚያስረዳ ነው።

በክሊኒክ ወረፋ ላይ ስም የሚጠራው በድምፅ ከሆነ የማይሰማው ተማሪ ተራው ያልፈዋል። ስለዚህ ካርድ ሲያወጣ መስማት እንደማይችል በጽሑፍ ያስታውቅ፤ በካርዱም ላይ ይመዝገብለት። የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓትም አስጽፎ ይቀበል።

ጽሑፍ ብቻውን ግን ሁልጊዜ አይበቃም። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ስለሆነ፣ በእርሱ ያደገ ተማሪ ሕመሙን በአማርኛ ጽፎ መግለጽ ሊከብደው ይችላል። ጓደኛ ወይም ዘመድ ሲያስተረጉም ደግሞ ተማሪው አፍሮ የሚደብቀው ነገር ይኖራል፤ የተደበቀ ምልክት ሐኪሙን ያሳስታል። የታማሚ ምስጢር አማና ነውና የሠለጠነ አስተርጓሚ ይሻላል። እህቶችም ሴት አስተርጓሚ ቢጠይቁ ነውር የለውም።

ይህ ልመና ሳይሆን መብት ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ ያለ አድልዎ የመታከም መብትን ያረጋግጣል። እንግዲህ ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ እስኪታመም አትጠብቁ። በምዝገባው ሳምንት «አስተርጓሚ የሚገኘው ከየትኛው ቢሮ ነው? ሌሊት ቢታመምስ ማን ይጠራለታል?» ብላችሁ ጠይቁ።