ቤትም ውጤት አለው!



እናንተ ከትምህርት ቤት ውጤት ይዛችሁ ወደ ቤት ትመጣላችሁ። ለመሆኑ ቤቱ ራሱ ውጤት እንደሚሰጠው ታውቃላችሁ? አዎ፣ ቤትም ይፈተናል!

መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። እኔ በሥራዬ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። እዚህ ኦክላንድ ቤት ስንገዛ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ወጪውን ሁሉ ደመርኩ። የባንክ ብድር፣ የቤት ግብር፣ ኢንሹራንስ፣ ሁሉም ተቆጠረ። «በቃ፣ እንችለዋለን» አልኩ። ዲሴምበር ሲገባ ግን ብርዱ መጣ። ሂተሩ ሌት ተቀን ይሠራል፣ የልጄ መኝታ ክፍል አይሞቅም። የቤት ሥራዋን ጋቢ ተከናንባ ነበር የምትሠራው። የወሩ ቢል ሲመጣማ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የሰው ሂሳብ የምሠራው እኔ፣ የራሴን ቤት አንዱን ትልቅ ወጪ ረስቼዋለሁ!

በኋላ ባለሙያ ጠርተን ሲያይልን፣ ጣሪያው ሥር ሙቀት የሚይዝ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ያሞቅነው አየር በጣሪያው በኩል ይወጣ ነበር። ለካ ገንዘብ የምንከፍለው ሰማይ ለማሞቅ ኖሯል!

ውጤቱ ምንድን ነው?

በ2012 የአሜሪካ መንግሥት የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለቤቶች ውጤት የሚሰጥ መለኪያ አወጣ። ስሌቱን ያዘጋጁት ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። እዚሁ ጎረቤታችን በርክሌይ፣ ኮረብታው ላይ ባለው በሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የሚሠሩ ሳይንቲስቶች ናቸው።

ውጤቱ ከ1 እስከ 10 ነው። 10 ያገኘ ቤት ትንሽ ኢነርጂ ይበቃዋል። 1 ያገኘ ቤት ደግሞ ብዙ ይበላል። የሠለጠነ ባለሙያ ይመጣና አንድ ሰዓት ያህል ቤቱን ይመረምራል። የሚያያቸው ነገሮች እነዚህን ይመስላሉ፦

- ቤቱ መቼ ተሠራ? ስፋቱስ ምን ያህል ነው?
- ጣሪያው ሥርና ግድግዳው ውስጥ ኢንሱሌሽን አለ? (ኢንሱሌሽን ማለት ለቤቱ እንደ ጋቢ የሚሆን ልብስ ነው።)
- መስኮቱ አንድ መስታወት ነው ወይስ ድርብ?
- ሂተሩና የውሃ ማሞቂያው ምን ዓይነት ናቸው?
- በስንጥቅና በቀዳዳ ነፋስ ይገባል?

አንድ ነገር ግን አያይም፦ እናንተን! በአንድ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ማታ በጊዜ የሚተኙ እማማ አሉ እንበል። ቢላቸው ትንሽ ነው። ቤቱን የገዛው ሰባት ሰው ያለበት ቤተሰብ ቢሆንስ? ሻወሩም፣ ምጣዱም፣ ልብስ ማጠቢያውም አያርፍም። ቢሉ ያድጋል፣ ቤቱ ግን ያው ቤት ነው። ስለዚህ የድሮውን ባለቤት ቢል ብቻ ያየ ሰው ሊሳሳት ይችላል። ውጤቱ የሚለካው ቤቱን እንጂ ሰውን ስላልሆነ፣ ሁለት ቤቶችን ለማወዳደር ይረዳል።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራ

ዋጋቸው እኩል የሆኑ ሁለት ቤቶች አሉ እንበል። የአንዱ የኢነርጂ ወጪ በወር 120 ዶላር፣ የሌላው 220 ዶላር ነው። ልዩነቱ በወር 100 ዶላር ነው። በዓመት 1,200 ይሆናል። በ10 ዓመትስ? 12,000 ዶላር! ይህ ገንዘብ ስንት ጊዜ አያትን ለመጠየቅ አዲስ አበባ ያደርሳል?

የት የት አለ?

ካሊፎርኒያ ከ1978 ጀምሮ ለሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች የኢነርጂ ደንብ አላት። ኦክላንድ ውስጥ ግን ከዚያ በፊት የተሠሩ ቤቶች በጣም ብዙ ናቸው። የበርክሌይ ከተማ በ2015 ቤት ሲሸጥ የኢነርጂ ምርመራ እንዲደረግለት የሚያዝ ደንብ አወጣች። ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ሻጩ ቤቱን ለገበያ ሲያወጣ ውጤቱን እንዲያሳይ አዘዘች። በእንግሊዝ አገር ከ2007 ጀምሮ ለቤት የሚሰጠው ፊደል ነው፤ ኤ በጣም ጥሩ፣ ጂ ደግሞ መጨረሻው።

አያቶቻችንም ቁጥር ባይሰጡት ነገሩን ያውቁት ነበር። የጎጆ ቤት ሣር ክዳን በውስጡ አየር ስለሚይዝ ሙቀቱ ቶሎ አያመልጥም። ቆርቆሮ ግን ቀን ፀሐይ ሲመታው ይግላል፣ ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ምድጃም እንደዚሁ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር ሙቀቱ በየጎኑ ያመልጣል። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ግን እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው ያንኑ እንጀራ በትንሽ እንጨት ይጋግራል። የቤቱም ምስጢር ይኸው ነው፦ የያዝነውን ሙቀት አለማስመለጥ።

ቤታችሁን ፈትኑት

ይህን ከእናት ወይም ከአባት ጋር ብቻ ሥሩ። ነፋስ ባለበት ቀን በርና መስኮት ዝጉ፣ ሂተሩንም አጥፉ። ከዚያ የዕጣን ማጨሻውን ወደ መስኮቱ ጠርዝ ጠጋ አድርጉት፤ ከመጋረጃ ግን አርቁት። ጢሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደኅና ነው። ወደ ጎን ከተጣመመ ነፋስ እየገባ ነው ማለት ነው። የስንት መስኮት ጢስ እንደተጣመመ ጻፉ።

ልጆች፣ ዝቅተኛ ውጤት ነውር አይደለም። እናንተ አጥንታችሁ እንደምታሻሽሉት ሁሉ ቤትም ይሻሻላል። ቁም ነገሩ ቀድሞ ማወቁ ነው። ቀድሞ ያወቀ ገዢ ዋጋ እንዲቀነስለት ይጠይቃል፣ ወይም ለጥገና ገንዘብ ያስቀምጣል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ? እኛም ዘግይተን ቢሆንም ጣሪያውን ኢንሱሌሽን አለበስነው። ጋቢውም ወደ ቁም ሳጥኑ ተመለሰ።

አዲስ ቃላት፦ ወጪ፣ ብድር፣ ግብር፣ ስንጥቅ፣ ጉልቻ

ጥያቄዎች
1. ሁለት ቤተሰቦች በተመሳሳይ ቤት ቢኖሩ ቢላቸው ለምን ይለያያል?
2. የሣር ክዳን ከቆርቆሮ በምን ይሻላል?
3. የዕጣኑ ጢስ ምን አሳያችሁ? በአምስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አምጡ።

መልካም ሳምንት!