ሞተሩ የት ይደር?

የአዊን ደጋ የሚያውቅ ሰው የኅዳርን፣ የታኅሣሥንና የጥርን ሌሊት አይዘነጋውም። ሰማዩ ይጠራል፤ ከዋክብቱ ይበዛሉ፤ ንጋት ላይ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ቀድሞ በዚህ ወቅት የሚያስጨንቀን የድንቹና የጥጃው ነገር ነበር። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በእኛ በጥርባ፣ ውርጭ በመጣ ቁጥር ሌላም ጥያቄ ይነሣል፦ የልጁ ሞተር የት ይደር?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሞተር ሳይክል ግን ለብዙ ቤተሰብ በሬ ተሸጦ፣ የዲከረንስ ዛፍ ተቆርጦ፣ ዕቁብ ተጥሎ የተገዛ ሀብት ነው። ታማሚ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው፣ ዕቃ ገበያ የሚወጣው በእርሱ ነው። ስለዚህ ወላጅም አያትም «ብርድ እንዳያበላሸው፣ ሌባም እንዳይወስደው» ብለው ወደ ቤት ያስገቡታል። ሕፃናት ከሚተኙበት መደብ አጠገብ፣ ምድጃው ከሚነድበት ክፍል ውስጥ ያድራል። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ይኸው ነው። ብርዱ በሞተሩ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ፣ ሞተሩን ከብርድ ለማዳን ብለን የምናደርገው ነገር ቤተሰባችንን የሚጎዳበት ጊዜ አለ።

ከፈረስ ጋር አንድ አይደለም

ልጄ ሞተር የገዛ ሰሞን ጉዳዩ በእኛም ቤት አንድ ምሽት ሙሉ አከራክሮናል። አባቴ የፈረስ ሰው ናቸው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር ፈረሳቸውን አስጊጠው ሲወጡ እያየን ነው ያደግነው። «የምትቀመጥበትን ውጭ አታሳድረውም» አሉት ለልጅ ልጃቸው።

ልጄም «አባባ፣ ፈረስ ቤት ቢያድር በትንፋሹ ያሞቀናል። ይህ ግን የሚተነፍሰው ቤንዚን ነው» አላቸው።

አባቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያው ለብቻው ጋጣ ሥሩለት» አሉ። በዚሁ ተስማማን።

የልጁ አነጋገር ትክክል ነው። ቤንዚን በብርድም ይተናል። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ውስጥ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ስለሚያወጣ የእኛ ደጋ ውርጭ አያስተኛውም። ትነቱ ከአየር ይከብዳል። ወደ ጣራ ወጥቶ እንደ ጭስ በክዳኑ አይሾልክም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ እስከ ምድጃው ወይም እስከ ኩራዙ ይደርሳል። ያረጀ የነዳጅ ቱቦ ወይም ካርቡሬተር ሌሊቱን ጠብ ጠብ ቢል የተኛ ሰው አያውቀውም።

ሁለተኛው አደጋ ጠዋት ይመጣል። «ትንሽ ይሙቅ» ብሎ ሞተሩን ቤት ውስጥ ወይም በር ላይ ማስነሣት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ ወደ ክፍሉ ይለቃል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ከሰልም ያንኑ ጋዝ ያወጣል። አካባቢያችን የዲከረንስ ከሰል አገር ስለሆነ፣ ለሰውም ለሞተሩም ሙቀት ይሆናል ተብሎ የከሰል ማንደጃ አስገብቶ በር መዝጋት የተለመደ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ያልተለመደ ድካም ሲሰማ፣ በተለይ በአንድ ቤት ያሉ ብዙ ሰዎች አንድ ላይ ከተሰማቸው፣ ወዲያው ሁሉንም ወደ ውጭ አውጥቶ ንጹሕ አየር ማስተንፈስና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ረዘም ያለ ሰዓት የሚያሳልፉት ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን ስለሆኑ ጉዳቱም በእነርሱ ይበረታል።

ሦስተኛው በሃይላንድ የሚቀመጠው መጠባበቂያ ቤንዚን ነው። ልጅ ውኃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። ከጠጣ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ሲያስመልሰው ቤንዚኑ ወደ ሳንባው ሊገባና የባሰ ሊጎዳው ይችላል። ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቤንዚን የግድ መቀመጥ ካለበት ለነዳጅ በተሠራ ጀሪካን፣ ከመኖሪያ ቤት ውጭ፣ የልጅ እጅ በማይደርስበት ቦታ ይሁን።

ብርዱ ሞተሩን ምን ያደርገዋል?

ብዙዎች ቤንዚኑ ይረጋል ብለው ይሰጋሉ። በእኛ ብርድ ቤንዚን አይረጋም። የሚለወጠው ሌላ ነው። የሞተር ዘይት ይወፍራል፤ ስለዚህ ጠዋት መርገጫው ይከብዳል። የባትሪ ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ በቁልፍ ብቻ የሚነሣ ሞተር ያስቸግራል። ቤንዚኑም በቀዝቃዛ ካርቡሬተር ውስጥ እንደ ልቡ ስለማይተን እሳት ለመያዝ ይዘገያል። እነዚህ ሦስቱም ፀሐይ ስትወጣ የሚያልፉ ናቸው።

የማያልፈው የእርጥበት ጉዳት ነው። ጤዛና የቀለጠ ውርጭ ካቴናውን ያዝጋል፤ በኤሌክትሪክ መገናኛዎች ውስጥ ይገባል፤ የመቀመጫውን ስፖንጅ ያረጥባል። ስለዚህ ለሞተሩ ከሙቀት ይልቅ ደረቅ ቦታ ማዘጋጀቱ ይጠቅማል።

ጋጣው እንዴት ይሠራ?

ውርጭ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ ሥራውን ያቀላል። መሬትና ዕቃ ቀን የሰበሰቡትን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቃሉ። ደመና ወይም ጣራ ካለ ከፊሉ ይመለሳል፤ ሰማዩ ከጠራ ግን ብዙው ይሄዳል። ከትልቅ ዛፍ ሥር ያለው ሣር ከሜዳው ሣር ያነሰ ውርጭ የሚይዘው ለዚህ ነው። እንግዲህ አራት ቋሚና ሁለት ቆርቆሮ ብቻ፣ ግድግዳ ሳይኖራቸው እንኳ፣ ብዙውን ውርጭ ያስቀራሉ። ነፋስ በሚመጣበት በኩል አንድ ግድግዳ ቢጨመር ደግሞ የተሻለ ነው።

ቦታው ዝቅ ያለ አይሁን፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ጎድጓዳ ይወርዳል። ከሣር ክዳን ቤትና ከማድቤቱ ራቅ ይበል፤ ከመኖሪያ ቤቱ ግን በዓይን ይታይ። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከተነጠፈ የሞተሩ መቆሚያ በጭቃ አይሰጥምም፣ እርጥበትም ከታች አያገኘውም።

ከከብቶቹ ጋር ማሳደር ግን አይመከርም። ከሽንታቸው የሚወጣው አሞኒያ መዳብን ይበላል፤ የሞተሩ ሽቦ ደግሞ መዳብ ነው። በማዳበሪያ ጆንያ መሸፈንም እንደዚሁ ነው። በጆንያው የቀረው የማዳበሪያ ዱቄት እርጥበት ሲያገኝ ብረት ያዝጋል፤ ካልታጠበና ካልደረቀ አትጠቀሙበት።

ለሽፋን ሸራ ይሻላል። ላስቲክ አጥብቆ መጠቅለል እርጥበቱን ከውስጥ ያፍነዋል፤ ጠዋት ሲገልጡት ሞተሩ አልቦት ይገኛል። ላስቲክ ብቻ ካለ ከታች ክፍት ይተዉለት። ማርሚታው ሳይቀዘቅዝ ግን ምንም አይልበስ፤ ሊቀልጥ ወይም እሳት ሊይዝ ይችላል። የጋለ ማርሚታ የልጆችንም እግር ስለሚያቃጥል እስኪበርድ ከአጠገቡ አርቋቸው።

ለሌባው መሬት ውስጥ ጠልቆ የተተከለ ጠንካራ ግንድ ወይም ብረት ይኑር። ሰንሰለቱ በጎማው ብቻ ሳይሆን በሞተሩ አካል ጭምር ይለፍ፤ ጎማ ብቻ ከታሰረ ፈትቶ መሄድ ይቻላል።

ማታ የነዳጁን መክፈቻ ዝጉ። ካቴናው ታጥቦ በደረቀ ቁጥር ዘይት ቀቡት። ሞተሩ ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ ታንኩን ሙሉት፤ ባዶው ቦታ ሲበዛ በውስጡ ውኃ ያዥበታል። የካርቡሬተሩ ነዳጅ በመካኒክ ይፍሰስ፤ የባትሪውም ገመድ ይፈታ።

ጠዋት ሲነሣ

በመጀመሪያ ሞተሩ ከደጅ፣ ማርሚታው ከቤቱ በር ዞሮ ይቁም። ነዳጁ ይከፈትና፣ ቁልፉ ሳይበራ ሦስት አራት ጊዜ መርገጫው ይረገጥ፤ የወፈረው ዘይት መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከዚያ ቾኩን ስቦ፣ ቁልፉን አብርቶ፣ ነዳጅ ሳይሰጡ መርገጥ ነው። ሲነሣ አንድ ሁለት ደቂቃ በራሱ ይሥራ፤ ቾኩ ቀስ እያለ ይመለስ። በብርዱ ላይ ማስጮህ አይጠቅመውም፤ ዘይቱ ገና ሁሉም ቦታ ሳይደርስ ብረት ከብረት ይፋጫል።

ብዙ ተረግጦ እምቢ ካለና ቤንዚን ከሸተተ ካንዴላው ርሷል ማለት ነው። ቾኩን መልሶ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ መርገጥ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

በየጠዋቱ የሚያስቸግር ከሆነ ስለ ዘይቱ መካኒኩን ጠይቁ። በዘይቱ ዕቃ ላይ ከደብሊው ፊት ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ የተሻለ ይፈስሳል፤ ለሞተሩ የሚስማማውን ግን የአምራቹ መመሪያ ይወስነዋል። ከሥሩ ጭድ ወይም ከሰል አንድዶ ማሞቅ ግን በምንም መንገድ አይፈቀድ። የድሮ የጭነት መኪና ሾፌሮች ያደርጉት የነበረው ለናፍጣ ነው፤ ቤንዚን እንዲህ ያለውን ጨዋታ አያውቅም።

ለሚነዳውም እናስብ

ልጆቻችን በብርድ ሲወጡ ጋቢ እንደርብላቸዋለን። ጋቢ ትከሻ ላይ ተጥሎ ሞተር አይነዳበትም፤ ጫፉ ጎማ ወይም ካቴና ውስጥ ከገባ ሰውን ይጥላል። ከኋላ የምትቀመጥ እናት ነጠላም እንዲሁ ነው። ጋቢው ከውስጥ ተጠቅልሎ ከላዩ ጃኬት ይደረብበት። ጓንት ደግሞ ለሙቀት ብቻ አይደለም፤ የደነዘዘ ጣት ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል። የራስ ቁር ነገርማ ሁልጊዜ ነው።

እናትና አባት፣ አያትና ቅድመ አያት፤ ዛሬ ማታ በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ሕፃናቱ በሚተኙበት ክፍል ምን አብሯቸው እንደሚያድር ተመልከቱ። ሞተሩ ካለ አውጡት፤ በሃይላንድ የተቀመጠ ቤንዚን ካለ አውጡት፤ ከሰሉንም አውጡት። ጋጣው እስኪሠራ ሞተሩ ከዛፍ ሥር በሸራ ተሸፍኖና በሰንሰለት ታስሮ ቢያድር ጠዋት ለመነሣት ትንሽ ያንገራግር እንደሆነ እንጂ ሌላ ነገር አይሆንም።