ምግብና ሐሞት የት ይገናኙ? የጨጓራ ባይፓስ ዓይነቶች እንዴት ይሠራሉ?

አንድ ሰው ለውፍረቱ ባይፓስ ተሠራ ሲባል ብዙዎች ከሆዱ ላይ ስብ ተቆርጦ የወጣለት ይመስላቸዋል። ሐኪሙ ግን ስቡን አይነካውም፤ የሚቀይረው የምግቡን መንገድ ነው። በባይፓስ ዓይነቶች መካከል ያለው ዋና ልዩነትም ምግቡ ከሐሞትና ከቆሽት ፈሳሽ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ይህን የተረዳ ሰው የትኛው ለማን እንደሚስማማና ምን እንደሚያስከፍል አይጠፋውም።

መጀመሪያ ያልተነካውን መንገድ እንየው። አንድ ጉርሻ እንጀራ በሽሮ ተውጦ ጨጓራ ይገባል። እዚያ ከአሲድ ጋር ሲታሽ ይቆይና ቀስ እያለ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። ከጨጓራው መውጫ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ ይፈስበታል። ብረት በብዛት ወደ ደም የሚገባው በዚሁ በአንጀቱ መጀመሪያ ነው። የቀረው ደግሞ ስድስት ሜትር ገደማ በሚረዝመው ትንሽ አንጀት ሲጓዝ በአብዛኛው ይመጠጣል።

የጨጓራ ባይፓስን ለውፍረት ሕክምና ብለው መጀመሪያ የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ፣ ኤድዋርድ ሜሰንና ቺካሺ ኢቶ ናቸው። በጨጓራ ቁስለት ምክንያት ከፊል ጨጓራቸው የወጣላቸው ሰዎች ክብደታቸው ሲቀንስ መታየቱ ነበር መነሻቸው። የጨጓራውን የላይኛውን ክፍል ለዩና አንጀቱን ሳይቆርጡ እንደ ቀለበት ወደ ላይ ስበው ሰፉበት። ክብደት ቀነሰ፤ ሐሞቱ ግን በቀለበቱ በኩል ሽቅብ እየወጣ ያቃጥል ጀመር።

መፍትሔው በ1977 ዋርድ ግሪፈንና ባልደረቦቹ ያቀረቡት፣ በስዊሱ ሐኪም በሴዛር ሩ ስም የሚጠራው ሩ-ኤን-ዋይ ነው። በዚህ ዘዴ ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትለያለች። አንጀቱ ይቆረጥና የታችኛው ጫፍ ከከረጢቷ ጋር ይሰፋል፤ ሐሞት ይዞ የሚመጣው ጫፍ ደግሞ ከዚያ ከ100 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይጋጠማል። ባላ እንጨትን አስቡ፦ በአንዱ ቅርንጫፍ ምግብ፣ በሌላው ሐሞት ይወርዳል፤ የሚገናኙት ግንዱ ላይ ነው። ትልቁ ጨጓራ አይወጣም፤ ምግብ ሳያልፍበት እዚያው ይቀመጣል።

ሦስተኛው ዘዴ ወደ ቀለበቱ የተመለሰ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ራትሌጅ በ1997 የጀመረው «ሚኒ ባይፓስ» ከረጢቱን ረጅምና ቀጭን አድርጎ የስፌቱን ቦታ ከጉሮሮ ያርቀዋል። ስፌቱ ሁለት መሆኑ ቀርቶ አንድ ብቻ ይሆናል፤ ቀዶ ሕክምናውም ያጥራል። በምትኩ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 200 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አንጀት ምግብ ሳያገኝ ይታለፋል። በ2019 ይፋ የሆነ የፈረንሳይ ጥናት ይህንን ከሩ-ኤን-ዋይ ጋር ሲያነጻጽር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የክብደት ቅነሳቸው ተቀራራቢ ነበር፤ ተቅማጥና የንጥረ ነገር እጥረት ግን በባለ አንድ ስፌቱ በዝቶ ታይቷል።

አንጀት የማይነካ አማራጭም አለ። «ስሊቭ» በሚባለው ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው እንደ እጅጌ ቀጭን ቱቦ ይሆናል። የወጣው አይመለስም። በፊንላንድ በተደረገ ንጽጽር ከአምስት ዓመት በኋላ ስሊቭ የተሠራላቸው ከትርፍ ክብደታቸው 49 በመቶ፣ ሩ-ኤን-ዋይ የተሠራላቸው 57 በመቶ ቀንሰዋል። ሰፊ ልዩነት የታየው በቃር ላይ ነው፤ በስዊዘርላንድ በተደረገ ሌላ ጥናት ከስሊቭ በኋላ ቃር የባሰባቸው 32 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ከባይፓስ በኋላ ግን 6 በመቶ ያህል ነበሩ።

ክብደት የሚቀንሰው ጨጓራ ስላነሰ ብቻ አይደለም። በባይፓስ ምግቡ ቶሎ ወደ ታችኛው አንጀት ስለሚደርስ ጂኤልፒ-1 የሚባለው የጥጋብ ሆርሞን ከወትሮው በላይ ይመነጫል። ኦዜምፒክ የተባለው መድኃኒት የተሠራው ይህንኑ ሆርሞን አስመስሎ ነው። የብዙዎች የደም ስኳር ገና ክብደታቸው ሳይቀንስ፣ በቀናት ውስጥ የሚሻሻለውም በከፊል ለዚህ ነው። ስለዚህ ይህን ሕክምና ያደረገን ሰው «አቋራጭ ፈለገ» ማለት በደል ነው። ከልክ ያለፈ ውፍረት በሽታ ነው፤ ሕክምናውም የረሃብን ምልክት ያርማል።

ዋጋው ግን ዕድሜ ልክ ይከፈላል። ምግብ የአንጀቱን መጀመሪያ ስለሚዘል ብረትና ካልሲየም፣ የጨጓራ ሥራ ስለሚቀንስ ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 ያጥራል። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ፣ ጿሚ የሆነ ሰው ክኒኑን ወይም መርፌውን ፈጽሞ ማቋረጥ የለበትም። ፕሮቲን በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያስፈልጋል፤ ይህን በትንሽ ከረጢት ማሟላት ቀላል ስላልሆነ፣ ጾሙን በተመለከተ ከሐኪምም ከነፍስ አባትም ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች፣ ሲጋራም ጭምር፣ ስፌቱን ያቆስላሉ። አልኮል ቶሎ ያሰክራል። ከሩ-ኤን-ዋይ በኋላ፣ ዓመታት ቢያልፉም እንኳ፣ ድንገተኛ ከባድ የሆድ ቁርጠት ከመጣ አንጀት ተሸጉጦ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ቤተሰብም ድርሻ አለው፦ «በሞቴ» እያሉ ማጉረስ እዚህ ላይ ፍቅር አይሆንም፤ ሰውየውን ያስመልሰዋል።

በ2022 ሁለት የዘርፉ ማኅበራት ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ የክብደቱና የቁመቱ ምጣኔ (ቢኤምአይ) 35 ለደረሰ ሰው ሌላ በሽታ ባይኖርበትም ቀዶ ሕክምናው ይመከራል። ቁመቱ 1.65 ሜትር የሆነ ሰው 96 ኪሎ ሲመዝን 35ን ያልፋል ማለት ነው።

እንግዲህ ለማን የቱ? ከባድ ቃር ላለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሩ-ኤን-ዋይ ይመረጣል። ማስታገሻ ሳይወስድ መኖር ለማይችል፣ ለምሳሌ ለመገጣጠሚያ ሕመምተኛ፣ ስሊቭ ሊሻል ይችላል። ባለ አንድ ስፌቱ የሚያዋጣው የደም ምርመራውን በየጊዜው ሳያጓድል ለሚከታተል ሰው ነው። ወደ ሐኪም ስትሄዱ «ስንት ኪሎ እቀንሳለሁ?» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከአንጀቴ ምን ያህሉ ይታለፋል? የትኞቹን ቫይታሚኖች ዕድሜ ልክ እወስዳለሁ? ከአምስት ዓመት በኋላስ የሚከታተለኝ ማን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ካላገኛችሁ፣ እስክታገኙ ድረስ ቀጠሮውን አትያዙ።