ስለ መሰናክል ሯጭዋ ስለ ሶፊያ አሰፋ

የሰው ድካም ዋጋው በጊዜው ሲከፈለው ደስታው ሙሉ ይሆናል፤ ዘግይቶ ሲከፈለው ግን ደስታው ቢጎድል እንኳ እውነቱ አይጎድልም። ይህን ነገር ለመረዳት የሚፈልግ ሰው የሶፊያ አሰፋን የሩጫ ታሪክ ቢመለከት በቂ ምስክር ያገኛል።

ሴቶች በአጭር ርቀትና በመሰናክል ሩጫ ስማቸውን ካስጠሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። በ1940 ዓ.ም. በሎንዶን በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ፋኒ ብላንከርስ ኩን የተባለች የሆላንድ ሴት፥ በ30 ዓመት ዕድሜዋ የሁለት ልጆች እናት ሳለች፥ በ100 ሜትር፥ በ200 ሜትር፥ በ80 ሜትር መሰናክልና በቅብብል ሩጫ አራት የወርቅ ሜዳይ ተቀበለች። ዕድሜዋ አልፏል፥ ቤትዋ ተቀምጣ ልጆችዋን ታሳድግ እያሉ ይነቅፏት ለነበሩት መልሱን በእግሯ ሰጠቻቸው።

ኢትዮጵያ ግን በሩቅ ሩጫ ዓለምን ስታስደንቅ በአጭሩ ርቀት በኦሊምፒክ ሜዳይ ገና አልተጠራችም። ሴቶች ልጆችዋ ከመሰናክል ጋራ ተገናኝተው ክብር ያገኙት በ3000 ሜትር ሩጫ ነው። በዚህም ሩጫ ሯጭዋ 28 ጊዜ በአጥር ላይ፥ 7 ጊዜም በውኃው ጉድጓድ ላይ መዝለል ይገባታል። የአጥሩ ቁመት 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከባድ ስለ ሆነ እግር ቢመታው አይወድቅም፤ የሚወድቀው ሯጩ ነው። ይህ ሩጫ በኦሊምፒክ ለሴቶች የተፈቀደው በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ነበር።

ሶፊያ አሰፋ በ1980 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ በተንታ ወረዳ ተወለደች። በ2004 ዓ.ም. በኦስሎ ከተማ 9 ደቂቃ ከ9 ሴኮንድ በመሮጥ የኢትዮጵያን ክብረ ወሰን አስመዘገበች። በዚያው ዓመት ሐምሌ 30 ቀን፥ ፋኒ ድል ባደረገችበት በሎንዶን ከተማ፥ በ9 ደቂቃ ከ9 ነጥብ 84 ሴኮንድ ሦስተኛ ሆና የነሐስ ሜዳይ ተቀበለች። ከእርስዋ በኋላ የገባችውን የኬንያዋን ሚልካ ቼሞስን የቀደመቻት በአንድ ሴኮንድ አራት መቶኛ ብቻ ነበር። በሚቀጥለውም ዓመት በሞስኮ በዓለም ሻምፒዮና ዳግመኛ የነሐስ ሜዳይ አገኘች።

ይሁን እንጂ በሎንዶን አንደኛ ሆና የወርቁን ሜዳይ የወሰደችው የሩስያዋ ዩልያ ዛሪፖቫ በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት ተከሰሰች። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2008 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ ውጤትዋ ተሰረዘ። ስለዚህ ወርቁ ለቱኒዚያዋ ለሐቢባ ግሪቢ፥ ብሩ ለሶፊያ፥ ነሐሱም ለቼሞስ ሆነ። ከሩጫው እስከ ፍርዱ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ አልፏል። በሎንዶን ሰገነት ላይ ሊሰማ የሚገባው ጭብጨባ ተመልሶ አይመጣም፤ ነገር ግን መዝገቡ ተቃንቷል፥ ያልተቃና መዝገብም ለሚመጣው ትውልድ ሁለተኛ በደል ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፍርድ ሳይዘገይ የተሰጠበትም ጊዜ አለ። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ ዲ ጄኔሮ በማጣሪያው ሩጫ እቴነሽ ዲሮ ከወደቀች ሯጭ ጋራ ተጋጭታ ጫማዋ ተበላሸባት። አውልቃ ጣለችውና በአንድ እግርዋ ባዶዋን አጥሩንም ውኃውንም እየዘለለች ፈጸመች። ይግባኝ በተባለ ጊዜ ዳኞቹ ነገሩን መርምረው ወደ መጨረሻው ውድድር እንድትገባ ፈቀዱላት።

ሯጭዋ ድርሻዋን ስትፈጽም ሹም ደግሞ ሁለት ዕዳ አለበት፤ በመጨረሻ ፍርዱን ማቅናት፥ በመጀመሪያም ሜዳውን ማዘጋጀት ነው። ሩቅ ለመሮጥ የፈለገ ልጅ መንገድና ብርታት ካገኘ ሊጀምር ይችላል። በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ፥ በሳንሱሲ የምትኖር ልጃገረድ ጎሕ ሲቀድ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ዳር ሮጣ መመለስ ትችላለች፤ የከተማዪቱም ከፍታ ከ2300 ሜትር ስለሚበልጥ አየሩ ራሱ ሳንባዋን ያጠነክረዋል። በመንገድ ዳር ግን መሰናክል አይተከልም። የሴቶች የ100 ሜትር መሰናክል 10 አጥር አለው፤ በአጥርና በአጥር መካከል ያለው 8 ሜትር ተኩል በሦስት እርምጃ ይታለፋል። ይህም የተለካ ሜዳ፥ የሚነሣ አጥርና እርምጃን ቆጥሮ የሚያስተምር መምህር ይፈልጋል። እነዚህ ባልተዘጋጁበት ስፍራ ፍጥነት ያላት ልጅ ፍጥነትዋን ሳታውቀው ታድጋለች።

የሶፊያ ድካም ለተከታዮችዋ መንገድ ሆኗል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በኦሪገን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ወርቁሃ ጌታቸው በ8 ደቂቃ ከ54 ነጥብ 61 ሴኮንድ የብር፥ መቅደስ አበበ የነሐስ ሜዳይ አግኝተዋል።

እንግዲህ የየወረዳው ሹማምንት ለትምህርት ቤት ቦታ በሚመድቡበት ጊዜ የሩጫውን ሜዳ አይርሱት። ወላጆችም ስለ ሴት ልጃቸው ምክር የሚጠይቁት የንስሐ አባታቸውን ነውና፥ ካህናት ልጅቱ እንድትሮጥ ቢፈቅዱና ቢመርቁ ትልቅ እርዳታ ነው። አጥሩን መዝለል የልጅቱ ፈንታ ነው፤ አጥሩን በሚገባው ስፍራ መትከል፥ የዘለለችውንም በእውነት መመዝገብ የታላላቆች ሥራ ነው።